በቀኙ በኩል

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ አለን፤ እማማም ቤት ውስጥ የጠፋውን ሁሉ እኔ ላይ እየለጠፈች በጤናዋ ናት።

አባባ ቤተ ሙከራው ውስጥ የዓይን ግፊት መድኃኒት ጥንቸሎች ላይ ይሞክር የለ? ለማነጻጸር ቀኝ ዓይናቸው ላይ መድኃኒቱን፣ ግራው ላይ ባዶ ውኃ ጠብ ያደርግላቸዋል። ማክሰኞ ዕለት ምሳውን ላደርስለት ሄጄ የራሱ ቀኝ ዓይን ላይ ሲጨምር ያዝኩት።

«አባባ፣ አንተም ጥንቸል ሆንክ?»

«አንተ ወሬኛ! ለእናትህ ትንፍሽ ብትል ወየውልህ!»

ላስቀው ብዬ ከጥንቸሎቹ ካሮት አንስቼ በግራው በኩል ዘረጋሁለት። ሳቁን ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ካሮቱን ሳያየው እጄ ዛለ።

ለእማማ ትንፍሽ አላልኩም። ዕረፍትሽን ግን ቀደም አድርጊው። ስትመጪም በቀኙ በኩል ዞረሽ ሳሚው።

ናፍቆትሽ ያስለፈለፈው
ወሬኛው ወንድምሽ