እኔ የሠራሁት፣ እርስዎ የቆለፉት በር

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ቢታመሙ እዚሁ እርስዎ በሚመሩት ጤና ጣቢያ መታከምዎ አይቀርምና ጤናዎን ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ አናጢ ነኝ። የኤች አይ ቪ መመርመሪያ ክፍሉን በር ባለፈው ዓመት ሲያሠሩኝ፣ የነፍሰ ጡሮች ምስጢር እንዲጠበቅ ማንም የማይከፍተው ጠንካራ በር ይሁን ብለው አዘው ነበር፤ ትእዛዝዎ ከጠበቅነው በላይ ተፈጽሟል። ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ አራት ጊዜ ተመላልሳ አንድም ቀን ተከፍቶ አላገኘችውም። ስለዚህ ቅሬታዬን ከታላቅ አክብሮት ጋር አቀርባለሁ።

1. ቁልፉን የያዙት አማካሪ ሥልጠና ላይ ናቸው። የሥልጠናው ርእስ «ምርመራን ለእናቶች ማቅረብ» መሆኑን ስሰማ እጅግ ደስ ብሎኛል። እናቶቹ በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁ አማካሪዋ ሌላ ከተማ ሄደው ስለ እነሱ ይማራሉ፤ ቁልፉም በቦርሳቸው ውስጥ ሆኖ አብሮ እየሠለጠነ ነው።

2. በሩን ሳስረክብ ሦስት ቁልፎች አስፈርሜ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛው ከክፍሉ የቀድሞ ኃላፊ ጋር ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሯል። ሦስተኛው እንዳይጠፋ በፖስታ ታሽጎ አስተማማኝ ስፍራ ተቀምጧል ሲባል እፎይ ብለን ነበር፤ ስፍራው ግን ያው የተቆለፈው ክፍል ሆኖ ተገኘ። ስለ ጥንቃቄዎ ምስጋና ይድረስዎ።

3. አዋላጅዋ መመርመር ይችላሉ፤ የመመርመሪያው ዕቃ ግን ውስጥ ነው። በሩ ላይ ደግሞ በትልልቁ «ዛሬውኑ ይመርመሩ!» የሚል ማስታወቂያ አስለጥፈዋል። ባለቤቴ አራቱንም ጊዜ አንብባዋለች፤ ማንበቧ እንደ መመርመር እንዲቆጠርላት እለምናለሁ።

4. ጉዳዩን የሚያጠና የቁልፍ ኮሚቴ ማቋቋምዎን አደንቃለሁ። ሰብሳቢው እርስዎ፣ ጸሐፊዋ ሥልጠና ላይ ያሉት አማካሪ ናቸው አሉ። ስንጨቀጭቅዎትም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው መክረውናል። ባለቤቴ ሆድ ውስጥ ያለው ግን እንቁላል አይደለም፤ እግር ካወጣም ሰንብቷል፤ አጠገቧ በተቀመጥኩ ቁጥር ጎኔን ይረግጠኛል።

ክቡርነትዎ ከፈቀዱልኝ ለአፍታ ቀልዱን ልተወው። አዋላጅዋ እንደነገሩን፣ ቫይረሱ ቢገኝባት እንኳ መድኃኒቱን በጊዜ ከጀመረች ልጃችን ነፃ ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን «በጊዜ» የሚባል ነገር ከሰማሁ ወዲህ እንጨት ስለካ የምቆጥረው ሴንቲሜትር ሳይሆን የቀሩንን ሳምንታት ነው። ፈርቻለሁ። ሌላው ጤና ጣቢያ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ የእሷ እግር ደግሞ አብጦ ጫማ እንኳ እምቢ ብሏል። እኔም አብሬያት ልመረመር ቃል ገብቼላታለሁ፤ ቃሌን የምጠብቅበት በር ብቻ ነው የጎደለኝ።

ለትዕግሥትዎ፣ በተለይም በእኛ ትዕግሥት ላይ ላሳዩት እምነት እያመሰገንኩ፣

በገዛ እጁ በሠራው በር ደጅ የሚጠናው፣
ትሑት አናጢዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሩን ስሠራ አንድ ጥፋት ማጥፋቴን ልናዘዝ። ማጠፊያዎቹን የገጠምኳቸው በውጭ በኩል ነው፤ ብሎኖቹ ከተፈቱ በሩ ያለ ቁልፍ ይነሣል። ይህን እስከ ዛሬ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ግን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ስለለጠፍኩት አሁን ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ አውቀውታል። እስከ ሰኞ ጠዋት ቁልፉ ካልተገኘ ካቻቢቴዬን ይዤ እመጣለሁ። አዋላጅዋ ዕቃቸውን እንዳወጡ በሩን መልሼ እገጥመዋለሁ፤ ኮሚቴዎ ሥራ እንዳይፈታ።