ከመቶ ሃምሳ ኪሎ በላይ መቁጠር ለማይችለው ሚዛናችሁ

ለተከበራችሁ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ኮሚቴ አባላት፣

ከሌለኝም ላይ ቆርሼ ለእናንተ ሙሉ ጤና፣ ለጉበታችሁም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በእህል መጋዘን ሃያ ሁለት ዓመት ጆንያ ስመዝን የኖርኩ፣ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለውን ብሂል በየማዕዱ ሳከብር የኖርኩ፣ በዚሁ ትጋቴም ጉበቴን ለስብና ለጠባሳ የዳረግሁ ታካሚያችሁ ነኝ። ጥፋቱ የራሴ መሆኑን አልክድም።

አንደኛ፣ ጨጓራዬን አሳንሳችሁ ክብደቴን እንድትቀንሱልኝ ባመለከትኩ ጊዜ፣ በቅድሚያ አሥር ኪሎ ራሴው ቀንሼ እንድመጣ ስላዘዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ያበጠው ጉበቴ ለቢላዋችሁ መንገድ እንደሚዘጋ ሲገለጽልኝ አፍሬ ታዘዝኩ።

ሁለተኛ፣ አራት ወር ቅቅል ጎመን በልቼ ስመለስ ነርሷ እንደ መጀመሪያው ቀን 150 መዘገበች፤ እናንተም «ለውጥ የለም፤ ተደብቆ ሳይበላ አይቀርም» ብላችሁ ወሰናችሁ። ሚዛናችሁ ከ150 በላይ እንደማይሄድ ያስተዋለ ከመካከላችሁ አልተገኘም። እኔ ባለሙያው ግን በመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ፤ ዝም ያልኩት 150 መባሉ ደስ ስላሰኘኝ ነው። በመጋዘናችን ሚዛን ላይ፣ ጫኝና አውራጅ ሁሉ ከቦኝ እየሳቀ፣ ያኔ 172 ነበርኩ፤ ዛሬ 158 ነኝ።

ሦስተኛ፣ ከስድስት ወር በኋላ እንድመለስ ስለሰጣችሁኝ ሰፊ ጊዜ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ቢሮዋ ከእናንተ ፊት ለፊት የሆነው የጉበት ሐኪሜ ግን፣ ሆዴ ውሃ መቋጠር ከጀመረ ቀዶ ሕክምናው እንደማይሞከርና ያም ቀን ሩቅ እንዳልሆነ ነግራኛለች። በመካከላችሁ ያለው ኮሪደር አምስት እርምጃ ነው፤ በእኔ ስድስት፣ ያውም ከነዕረፍቱ። ይህን ያለ ቀልድ እጽፋለሁ፦ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ እንደገና ተመዝኜ ቀጠሮዬ እንዲቀርብልኝ ሆደ ሰፊነታችሁን እማጸናለሁ፤ በሆደ ሰፊነት እኔም አልታማም። ሚዛን ከቸገራችሁ የእኛ እስከ ሦስት መቶ ይመዝናል፤ ጆንያዎቹን አስወርጄ እጠብቃችኋለሁ።

በቁመናዬ ልክ በገዘፈ አክብሮት፣
በመጀመሪያው ቀን መዝገባችሁ 22 ኪሎ የጎደለው ታዛዥ ታካሚያችሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ተደብቆ ሳይበላ አይቀርም» የሚለውን ውሳኔያችሁን ባለቤቴ አንብባዋለች። ብቻዬን እንዳይከፋኝ ብላ አራት ወር ሙሉ ያንኑ ጎመን አብራኝ የበላች ሴት ናት። የእኔን ቃል ካላመናችሁ እሷን መዝኗት፤ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሳለች፤ እሷን እንኳ ሚዛናችሁ ይችላታል።