መርከቧን ዳሞታ ላይ ያሳረፈው ማን ነው?

ይድረስ ለወንድሜ ለቃለሕይወት ብሩ፣
ደርባን።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ማክዳ ደህና ናት? ልጃችሁ ሰላምአብስ አፉን ፈታ ወይ? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ሆዴ ጠይቂ ብሎኝ አይደለም፤ አባታችን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም እያለ ስላሳደገን ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማለቴ እማዬም ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፤ ነገር ግን አንድ ጣራ ሥር እያደርን መነጋገር ከተውን ሁለት ሳምንት አለፈን። ለዚህ ያበቃኸን አንተ ነህ። ስትደውል ስልኩን የማላነሳው ድምፅህን ስሰማ ስድብ ስለሚቀድመኝ ነው። በጽሑፍ ከሆነ ቢያንስ ስድቡን መርጬ አወጣዋለሁ።

ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ግን ለሰው ሌላ ስለምታወራ ከሥሩ ልንገርህ። በሰፈራችን የመጀመሪያዋ ዲሽ የእትዬ ጥሩዬ ነበረች። ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል የስኳር ኬሻ ላይ ተደርድረን፣ ሰማይ ላይ መንገድ ስለጠፋባት መርከብ የሚያወራውን ተከታታይ ፊልም በአረብኛ እናይ ነበር። ቋንቋውን ማናችንም አናውቅም። አንተ ብቻ አውቃለሁ አልክ። የመርከቧ አዛዥ አፏን በከፈተች ቁጥር በወላይትኛ ትተረጉምልናለህ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያምንሃል። ካደግኩ በኋላ ፊልሙን ከኢንተርኔት አውርጄ ከነትርጉም ጽሑፉ ሳየው፣ ከነገርከን ውስጥ አንዲት እውነት አላገኘሁበትም። ያኔ ስቄ ነበር። ዛሬ አያስቀኝም።

ያ ፊልም መርከቧ አገሯ ሳትገባ ነው የተቋረጠው። በየአገሩ ያሉ ወዳጆቹ እስከ ዛሬ መጨረሻውን ከራሳቸው እየፈጠሩ በኢንተርኔት ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይሥላል። እኔ በኮምፒውተር አኒሜሽን ሠራሁት። ቀን ቀን ቪዲዮ ቤት ተቀምጬ የሰው ሠርግ ስቀጣጥል እውላለሁ፤ በተረፈችኝ ሰዓት ደግሞ መርከቧን ከበሯ እስከ ጭራዋ ገጣጠምኳት። ለአዛዧ አጥንት አበጀሁላት፣ ሥጋ አለበስኳት፣ መራመድ አስተማርኳት። ኮምፒውተሩ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እየሠራ ሳለ መብራት ድርግም ይላል፣ የሰነበተ ድካሜ ውሃ ይበላዋል፤ ተሳድቤ እንደገና እጀምራለሁ። በመጨረሻ መርከቧ ጭጋጉን ሰንጥቃ ዳሞታ ተራራ ላይ አረፈች። አዛዧም ወርዳ በወላይትኛ እንዴት ዋላችሁ አለች።

ኮምፒውተሩን ማን ላከልሽ ትለኛለህ፤ በስልክም ብለኸኛል። አዎ፣ አንተ ነህ የላክኸው። እግዜር ይስጥልኝ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። በሬ ያዋሰ ሰው ግን አዝመራው የእኔ ነው አይልም።

ሥራውን ስጨርስ ማንም ሳያየው ለአንተ ላክሁ። አንተ ባይራ ነህ፣ የቤታችን በኩር። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ባይራው ሳይቀምስ እጁን ወደ ሥጋው የሚሰድ ታናሽ የለም፤ እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያ ቦታ የአንተ ነውና ጋሼ፣ መጀመሪያ አንተ እየው፣ መርቀው፣ ከዚያ እለቀዋለሁ አልኩህ። በፊልሙ ማብቂያም ከላይ የአንተን ስም ለክብር አስቀደምኩ፣ ከሥሩ ሥራውን የሠራችው ትዕዛዝ ብሩ ብዬ ጻፍኩ። ባይራ ቀምሶ፣ መርቆ ሳህኑን ለታናሾቹ ያሳልፋል። አንተ ከነሳህኑ ይዘኸው ሄድክ። ስሜን ቆርጠህ፣ ስምህን ብቻ ትተህ በራስህ ገጽ ለቀቅኸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ንቀኸኛል።

በክረምቱ አዲስ አበባ ያለ አንድ አኒሜሽን የሚሠራ ድርጅት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ያንኑ ሥራ ይዤ አመለከትኩ። የደወለችልኝ ሴት በትሕትና፣ የሥራው ባለቤት ደቡብ አፍሪካ እንደሚኖር፣ ራሱን እንደጠየቁት ነገረችኝ። ምን ብለህ መለስክላቸው? ታናሽ እህቴ ናት፣ አልፎ አልፎ ታግዘኛለች አልክ። ቃለሕይወት፣ የሰረቅኸውን ብትደብቀው ይሻል ነበር። የሥራውን ባለቤት እኔን ረዳት ማድረግህ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በስልክ ስለምንህ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብህና ጭራሽ ሰው ሲያመሰግነኝ ምን ልበል አልከኝ።

ጊፋታ ደረሰ። ዘመዱ ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ፣ ሥጋው በዳጣ እየተበላ፣ እትዬ ጥሩዬ ስልካቸውን ይዘው ገቡና የልጅሽን ሥራ እዪ ብለው ለእማዬ አሳዩአት። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እማዬ ግን አዛዧ ከመርከቧ ስትወርድ ስታይ ስልኩን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ግራ እግሯን ትንሽ እየጎተተች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የምትሄደው አዛዥ እሷው ናት። እንደዚህ መራመድ የጀመረችው ቦዲቲ መንገድ ላይ ባጃጅ ከተገለበጠባትና ዱቦ ሆስፒታል ተኝታ ከታከመች ወዲህ ነው። አንተ ያኔ አገር ውስጥ አልነበርክም፤ ከዚያ ወዲህም መጥተህ ስትራመድ አላየሃትም። እማዬ ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር ማወቅ አላስፈለጋትም። እንግዳው ሲወጣ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ባይራ በሰው ፊት አይዋረድም፣ ዝም በይ አለችኝ። ዝም በይ ነው ያለችኝ፤ አልሠራሽውም አላለችኝም።

ዝም አላልኩም። አረማመዷን ለማጥናት ጓሯችን ውስጥ ስትሄድ የቀረጽኳት ቪዲዮ ነበረኝ፤ እሱን ከመርከቧና ከአዛዧ አጥንት ፋይሎች ጋር ለድርጅቱ ላክሁ። ጎን ለጎን አድርገው አዩት፣ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ቀጠሩኝ። አንተንም ማብራሪያ ጠየቁህ መሰለኝ፤ ወዲያው ለእማዬ ደውለህ፣ እህቴ በሰው አገር ገመናዬን አወጣችው ብለህ አለቀስክላት። ከዚያን ቀን ወዲህ አታናግረኝም። የመጨረሻ ቃሏ፣ በገዛ እግሬ ልጄ ላይ አስመሰከርሽኝ የሚል ነበር። ምግቤን ታቀርባለች፣ ውኃ ታስታጥበኛለች፣ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች።

ኅዳር ሲገባ ሥራ እጀምራለሁ። ስሜን አስመልሻለሁ፤ ግን እማዬ ሳትመርቀኝ ከዚህ ቤት መውጣት አንጀቴን ይበላዋል። ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለድርጅቱ ምንም አትጻፍ፣ በገጽህም ላይ ይቅርታ አትለጥፍ። ለእማዬ ደውልና፣ የሠራችው ትዕዛዝ ናት፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ በላት። በቋንቋዋ ንገራት፣ አታድበስብስ። እውነቱን አጥታው አይደለም፤ ከእኔ አፍ ከተቀበለችው አንተን የካደች ይመስላታል። ከአንተ ከሰማች ግን ሁለታችንንም ልጆቿ አድርጋ ታድራለች።

ለማክዳ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እሷ በዚህ ነገር የለችበትም። ሰላምአብን ጉንጩን ሳሚልኝ በላት። ሱቅ አብሮህ የሚሠራው ለማም ሰላም ይድረሰው። እትዬ ጥሩዬ ማክዳንና ልጁን ሰላም ብለዋል። እማዬ መጻፌን አታውቅም። ከሰላምታው ውስጥ የአንተን ስም የቆረጥኩት ረስቼ አይደለም።

ትዕዛዝ ብሩ
ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 18 ቀን 2008 ዓ.ም.