በእህቴ ግንባር ላይ ስለ ነበረው የጥያቄ ምልክት

ለተከበሩ የቆዳ ውበት ክሊኒኩ ዋና ሐኪም፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰንብተዋል እላለሁ። ዓይንዎ፣ ጣትዎ፣ በተለይም ሁለቱ ቅንድቦችዎ ደህና ናቸው? ቅንድብዎን ለይቼ የጠየቅሁት ምክንያት ስላለኝ ነው፤ እስኪያነቡት ድረስ ጤና አይለይዎ፣ ግንባርዎም እንደ ልብ የሚንቀሳቀስ ይሁንልዎ።

እኔ በቤተሰቤ ዘንድ ቀልደኛው አጎት ነኝ። የወንድሞቼና የእህቶቼ ልጆች ገና በር ላይ ሲያዩኝ፣ አፌን ሳልከፍት ይስቃሉ። መተዳደሪያዬ የመጋዝ ጥርስ መሳልና የእንጨት ሥራ ማሽን መጠገን ሲሆን፣ እንደ እርስዎ ካባ ለብሼ አልተመረቅሁም፤ ፈትቼ መግጠም ያቃተኝን መልሼ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ያልተማረ ሰው ድፍረት ቢያዩብኝ፣ ይቅርታዎ ሰፊ እንደ ሆነ በማመን ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበልዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ታላቅ እህቴን አጅቤ ክሊኒክዎ የመጣሁ ዕለት ሶፋው ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ፣ መብራቱም ነጭ ስለ ነበር፣ የእንጨት ብናኝ ያለበት ሱሪዬ አሳፍሮኝ ቆምኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ «አባቴ፣ ይቀመጡ እንጂ» ስትለኝ ከልቧ ይሁን ከአንገት በላይ ፊቷን አይቼ ለመለየት ብሞክር አልቻልኩም፤ መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። ግድግዳው ላይ «ፊትዎን እንፈታለን» የሚል ጽሑፍ አነበብኩና እህቴን በክርኔ ጎሸም አድርጌ፣ ትዳርም ይፈታል፣ እስረኛም ይፈታል፣ ፊት የሚፈታው ግን ከማን ጋር ተጣልቶ ነው አልኳት። ሳቀች፤ ግንባሯ እስከ ፀጉሯ ድረስ ተሰብስቦ፣ ቅንድቧ ሽቅብ ወጥቶ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ረዳትዎ ያሉትን ምርጫዎች በትዕግሥት ዘረዘሩልን፦ ማታ ማታ የሚቀባ ክሬም፣ የፀሐይ መከላከያ፣ የላይኛውን ቆዳ የሚያነሳ አሲድ፣ በብርሃን የሚተኩስ መሣሪያ፣ በመጨረሻም ጡንቻን የሚያስተኛ መርፌ። ክሬሙንና የፀሐይ መከላከያውን እህቴ ለዓመታት ስትቀባ ኖራለች፤ ቆዳዋም ይመሰክርላታል። የመጣችው ለጉራ ወይም ዕድሜዋን ለመደበቅ አልነበረም። የትምህርት ቤታቸው ምክትል ርእሰ መምህር ጠዋት ጠዋት «ምነው፣ ደክሞሻል ወይስ ተቆጥተሻል?» እያሏት፣ ሳይደክማትና ሳትቆጣ ስለ ፊቷ ምክንያት መስጠት ስለ ሰለቻት ነው። ፊቷ የራሷ ነው፤ ምርጫውም የራሷ ነው። ወንድም የሚገባበት ጉዳይ አይደለም፣ አልገባሁምም። ብቻ ሰው ሲመርጥ የሚያገኘው እንደሚነገረው ሁሉ የሚያጣውም ይነገረዋል ብዬ በየዋህነት አስቤ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ፤ እርስዎ ራስዎ ገብተው በገዛ ጣትዎ የእህቴን ግንባር ጫን አድርገው «ይህ ጡንቻ ምንም ሥራ የለውም፣ ለማኮሳተር ብቻ ነው» ብለውናልና። ከዚያ በፊት አለርጂ እንዳለባት፣ ደም እንደማይረጋላት፣ እርጉዝ እንደ ሆነችም ሳይቀር ጠየቋት፤ በዚህ ዕድሜዋ እርጉዝ ነሽ ወይ መባሏ በውስጧ ደስ እንዳሰኛት እኔ ወንድሟ አውቃለሁ። ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ግን አልጠየቋትም።

እህቴ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የእንጨት ሥራ ታስተምራለች።

በእጅ ለሚነጋገሩ ልጆች ቅንድብ የንግግሩ ማሰሪያ ነው። ቃሉን እጅ ይናገራል፤ ጥያቄ መሆኑን የሚናገረው ግን ግንባር ነው። ቅንድብ ሽቅብ ሲነሳ «ነው ወይ?» ማለት ሲሆን፣ ተሰብስቦ ሲቋጠር ደግሞ «ማን? ለምን?» ማለት ነው። እኛ የምንሰማውስ ብንሆን «መጣ» የሚለውን ቃል በድምፃችን ካላነሳነው ጥያቄ ይሁን ወሬ በምን ይለያል? ልጆቹ እህቴን የሚጠሯት እንኳ በዚያው ነበር፤ ጣታቸውን በሁለት ቅንድባቸው መካከል አንዴ ወደ ታች ይስባሉ፣ ስሟ ያ መስመር ነው። አሁንም በዚያው ስም ይጠሯታል፤ ነገር ግን ጠርተው ቀና ሲሉ ፊቷን ያዩና ጣታቸውን ቀስ አድርገው ይሰበስባሉ፣ የሰው ቤት በስሕተት እንዳንኳኳ ሰው።

የተወጋችው መርፌ በሠራ ሰሞን ምክትሉ «አማረብሽ» አሏት፤ ክፍሉ ግን እየቀዘቀዘ ሄደ። «ውሃ ጠጥታችኋል?» ስትላቸው ልጆቹ ነገሩ የተነገራቸው መስሏቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ማን እንደሆነ ስትጠይቅ የሚመልስላት ጠፋ። «እነዚህ ልጆች ጠግበዋል፣ አይመልሱልኝም» እያለች ትማረር ነበር፤ እኔም የምስለው መጋዝ ላይ አቀርቅሬ እንደ ጅል እስማት ነበር።

ሦስተኛውን በዝግታ ቢያነቡልኝ እወዳለሁ።

በክፍሉ ካሉት ተማሪዎች ሁሉ እጀ ብልኋ፣ ጓደኞቿ «ረጅሟ» የሚሏት ልጅ ናት። አንድ ቀን እኔ የክፍሉን መጋዞች ልስል መጥቼ በር አጠገብ ሳለሁ፣ ክቡን የኤሌክትሪክ መጋዝ ይዛ ስትሠራ አንድ ቁራጭ እንጨት ጥርሱ ውስጥ ተቀርቅሮ መጋዙ ቆመ። መጋዙ ይቁም እንጂ ሞተሩ አልጠፋም ነበር። የሚሰማ ሰው ቢሆን ማጉረምረሙን ይሰማል፤ ልጅቷ አትሰማም፣ እህቴ ደግሞ ክፍሉ ማዶ ሌላ ማሽን አጠገብ ስለ ነበረች በጩኸቱ መካከል መለየት አልቻለችም። ስለዚህ እህቴ እንደ ደንቡ እጇን አንስታ ጠየቀች፦ ጠፍቷል? ልጅቷም ቀና ብላ የመምህርቷን እጅ፣ ከእጇ በላይ ደግሞ እንደ ተላገ ጣውላ ለስልሶ ጸጥ ያለ ግንባር አየች፤ ያነበበችውም «ጠፍቷል» የሚል ነበር። እጇን ሰዳ ቁራጩን ሳበችው። መጋዙ ተፈታ።

ሮጬ ሶኬቱን ስነቅለው የሌባ ጣቷ ጫፍ ሄዷል። ለእርስዎና ለእኔ ጣት ማለት ጣት ነው፤ ለረጅሟ ግን ምላስም ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዳንድ ቃል ስትናገር ትኮላተፋለች።

አራተኛ፣ አሁን ላለንበት ሁኔታ አመሰግናለሁ፤ ሁለት እውነተኞችን ውሸታም አድርገን ይዘናልና። ልጅቷ በደህናው እጇ «ጠፍቷል ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለች። እህቴ ደግሞ «ጠየቅሁሽ እንጂ አልነገርኩሽም» አለች። ሁለቱም የማሉበት እውነት ስለ ነበር ትምህርት ቤቱ የመምህርቷን ያዘ፤ ልጅቷም ደንብ በመጣስና መምህርቷን በሐሰት በመክሰስ ከእንጨት ሥራ ክፍል ልትባረር፣ ውሳኔው ለሰኞ ተቀጥሯል። ከዚህ ሙያ ሌላ የያዘችው የላትም።

እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልህ ቢለኝ እህቴን ባዶው ክፍል ውስጥ እቦታዋ ላይ አቁሜ፣ ራሴ ልጅቷ የነበረችበት ቦታ ቆምኩና አንዴ እንድትጠይቀኝ፣ አንዴ እንድትነግረኝ ለመንኳት። ሁለቱንም አደረገች። «እትዬ፣ የትኛው ነው ጥያቄው?» ብላት «ዓይንህን ነው እንዴ የሚያምህ፣ የመጀመሪያው ነዋ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ መቆጣቷን ያወቅሁትም ከጩኸቷ ነው። የእጅ መታጠቢያው ላይ ወዳለው መስታወት ወስጄ ድገሚልኝ አልኳት። ጠየቀች። ደግማ ጠየቀች። ከዚያ በሁለት ጣቷ ቅንድቧን ይዛ ሽቅብ ገፋችው፤ ስትለቀው ተመልሶ ተኛ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፣ የባሰው ፊት ነው ለካ። እንባዋ ወረደ፤ ፊቷ ግን ወሬውን ገና አልሰማም ነበር።

በማግስቱ ምክትሉ ዘንድ ገብታ ልጅቷ አልዋሸችም፣ ግንባሬ ነው የዋሸው አለቻቸው። ሰውየው አዘኑላት። «ለተማሪ መራራትሽ ደግ ነው፣ ግን ፊትሽ ምን ሆነና? እንዲያውም እንደ ዘንድሮ አምሮብሽ አያውቅም» ብለው የባለሙያ ማስረጃ እንድታመጣ ነገሯት። እኛም ወደ እርስዎ መጣን። እንግዳ ተቀባይዎ «ዶክተር ስለ ደንበኞቻቸው ለማንም አይናገሩም» ብላ በትሕትና መለሰችን፤ ደንበኛዋ ፊት ለፊቷ ቆማ ለራሷ እየለመነች። ምስጢር ጠባቂነትዎን አደነቅሁ፤ ባለቤቱ እንኳ የማያገኘው ምስጢር ብርቅ ነው። እግረ መንገዷንም መርፌው የሚታደስበት ጊዜ መቃረቡን አስታወሰቻት። ያለዚያ ይለቃል አለች። ይልቀቅ፤ ደስ ይለናል። የልጅቷ ጣት ግን የሚለቅና የሚታደስ ዓይነት አይደለም።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ለዚህ ነው። የምለምንዎ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ሥራ የለውም ያሉት ጡንቻ ሥራ እንደ ነበረው፣ እርስዎም እንዳስተኙት። ስምዎን ከታች ይጻፉበትና እስከ ሰኞ ይላኩልን። እህቴ ክስ አላሰበችም፤ እኔም ከሐኪም ጋር የምሟገትበት አቅም የለኝም።

ከዚህ ሌላ ያስፈራኝ ነገር ስላለ እሱን ልንገርዎና ላብቃ። በመምህራኑ ማረፊያ ክፍል የክሊኒክዎ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ለመምህራን ልዩ ቅናሽ ይላል። የትንንሾቹ ክፍል መምህርት ቀጠሮ ይዛለች። የትምህርት ቤቱ ነርስም አሰበችበት አሉ፤ ማደሪያውን የምትጠብቀዋ ሴትዮም እንዲሁ። እህቴ በየቢሮው እየዞረች ስትለምናቸው ፊቷን አይተው «አንቺ አምሮብሽ እኛን ትከለክያለሽ?» ይሏታል። አንድ ቀን በዚያ ግቢ ማንም ምንም የማይጠይቅበት ጊዜ ሲመጣ ይታየኛል፤ ትልልቆቹ ሁሉ ለስላሳ፣ ያረፉ፣ ያማሩ ሆነው ለልጆቹ የሚነግሯቸው ብቻ ይሆናል። እሳቱ ጠፍቷል። በሩ ተከፍቷል። አያምህም። ደህና ነህ። ልጆቹም ያምናሉ፤ እንዲያምኑ ነው ያስተማርናቸው።

ለክሊኒክዎ መስፋፋት፣ ለእጅዎ አለመንቀጥቀጥ፣ ለእንቅልፍዎም መጣፈጥ ሁልጊዜ የምመኝልዎ፣ ከፊትዎ የሚነበብ ነገር እንዲተርፍም የምጸልይልዎ፣

አክባሪዎ፣ መጋዝ የሚስለው አጎት

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ፈቅዳልዎ በመንገድ ዳር መስኮትዎ ላይ የሰቀሉት «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶግራፏ እጅግ አምሯል። ብቻ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በዚያ ያልፋሉና፣ «በፊት» በሚለው ላይ ያለው የተቋጠረ ቅንድብ በእነሱ ቋንቋ «ማን?» እያለ የሚጠይቅ መሆኑን ቢያውቁት መልካም ነው። በጥያቄ የምታያቸው መምህርት ስለ ናፈቀቻቸው በየቀኑ መስታወቱ ፊት ተሰልፈው ይመልሱላታል። ምን እያሉ እንደ ሆነ ለማየት ትናንት አብሬያቸው ቆሜ ነበር፤ አንዳቸውም ሳይቀሩ በጣታቸው የእርስዎን በር ያሳያሉ።