እናቴ ያዘነበችው ዝናብ

ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የዲጂታል ዝናብ መረጃ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በቢሮዎ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛም ውሃ ከመጥማታችን በቀር ደኅና ነን። ለባለሥልጣን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር መጻፍ እንዳለብኝም እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋል፤ ክፍል ውስጥ እንኳ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም። መንገድ በተዘጋባቸው ዓመታት ትምህርቴ ስለተቋረጠ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ገና ስምንተኛ ክፍልን መጨረሴ ነው። ስለዚህ በጽሑፌ ስሕተት ቢያገኙ በእኔ ይፍረዱ እንጂ በእናቴ አይፍረዱ፤ በእሷ ላይ እስካሁን የተፈረደው ይበቃታል።

የምኖረው በፃግብጂ ወረዳ፣ ዘንድሮ ከጎረቤቶቿ ሁሉ የተሻለ ዝናብ አገኘች ተብላ በጽሕፈት ቤትዎ በተመሰገነችው ቀበሌ ነው። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ፤ ሁለቱን መለየት ካቃተኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ዝናብ መለኪያው ማሽን አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ባለሙያዎችዎ መጥተው ከማሳችን ዳር አጥር አጥረው ያቆሙት ነጭ ዕቃ፣ አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ፣ በጣም የሚያምር ነው። የአጥሩን ቁልፍ ለእናቴ ለወይዘሮ ተዋበች ሰጧት። ማብራሪያውን በአማርኛ፣ በዚያ ላይ በጥድፊያ ነገሯት። የእናቴ ቋንቋ ኽምጣና ስለሆነ ከተነገራት ሁሉ የያዘችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አንዱ «መንግሥት»፣ ሌላው «አደራ»። ዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ በመሆኑ ሁላችንንም እኩል አድርጎናል፤ ማናችንም አላነበብነውም።

ሁለተኛ፣ በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት ወጭት ቢያውሰን ስንመልስ ጭብጥ እህል እናደርግበታለን፤ እህል ቢጠፋ ቆሎ፣ ቆሎም ቢጠፋ ንጹሕ ውሃ። ባዶ ዕቃ መመለስ ባለቤቱን መስደብ ነው። እናቴም የመንግሥት ዕቃ በእጇ ሆኖ፣ ባለቤቱ መቼ መጥቶ እንደሚጠይቃት ሳታውቅ፣ ባዶውን እንዲያድር ሕሊናዋ አልፈቀደላትም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከምንጭ ካመጣችው ውሃ በጣሳ ቀድታ ታፈስበት ነበር። ውሃው ወደ ውስጥ ሲሰወር አይታ «ልጄ፣ ይኼ ነገር እኮ ይጠጣል! ለካ ተጠምቶ ነው አፉን ከፍቶ የሚውለው» ያለችኝን አልረሳም። እየሳቅሁ «ተይው እማ፣ ለእኛስ መቼ በቃን?» ብላት፣ «የእንግዳ ዕቃ ነው፤ ጥማቱን አንከልክለው» አለችኝ። ያ ውሃ እኛ ያልጠጣነው ውሃ ነበር። ምንጩ ከሰኔ ጀምሮ እየቀጠነ ስለሄደ ወረፋ ይዘን ነው የምንቀዳው።

ሦስተኛ፣ ስለ ፖሊሲው አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት ተወካይዎ ታብሌት ይዘው መጥተው ሕዝቡን ሰበሰቡ። ከእንግዲህ የምግብ እርዳታ የሚደለደለው በማሽን መረጃ ብቻ እንደሆነ፣ ማሳ እየዞሩ ማየት ኋላ ቀር አሠራር ስለሆነ እንደቀረ፣ በማሽኑ መረጃ መሠረትም የእኛ ቀበሌ በቂ ዝናብ ስላገኘች ከእርዳታው መሰረዟን በደስታ አበሠሩን። የቆሙበት ማሳ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ የደረቀበት ነበር። ዕድሜ የጠገቡት አባ ካሤ ተነሥተው፣ «ጌታው፣ እሰየው! ዘነበ የተባለው ዝናብ የወረደው ግን የማን ማሳ ላይ ነው? ያሳዩንና ሄደን ከብት እናጠጣበት» አሏቸው። ተወካይዎም በትሕትና፣ «አባቴ፣ ሰው ይዋሻል፤ ማሽን አይዋሽም» ብለው መለሱላቸው።

ያን ጊዜ በኽምጣና ስተረጉምላት እናቴ ነገሩ ገባትና ክንዴን ያዘች። «ንገሪያቸው፤ ዝናብ አይደለም፣ የእኔ ውሃ ነው በያቸው» አለችኝ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ተናገርሁ። ተወካይዎ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ይኼ ከውጭ አገር በስንት ልፋት የመጣ ማሽን ነው። ዝናብንና የጣሳ ውሃን መለየት ያቅተዋል ብለሽ ነው?» አሉኝ። ሕዝቡም አብሮ ሳቀ። ጎረቤታችን እትዬ ጸሐይነሽ «ተዋበች ሆይ፣ ማዝነቡን ካወቅሽበት ለእኔም ማሳ ጣል አርጊ እንጂ!» ብላ ጮኸች። በማግሥቱ ግን ስለ እርዳታው ሲታሰብ ሳቁ ቀረ። አሁን እናቴ ምንጭ የምትወርደው ሰው ከተመለሰ በኋላ ነው። ቀበሌውን በእጄ ገደልሁት ትላለች።

አራተኛ፣ ቅሬታ ያለው በድረ ገጽ ብቻ እስከ ወሩ መጨረሻ ያቅርብ ስለተባለ፣ ስልክ ተውሼ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣሁ። ድረ ገጹ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ፤ «ማሽኑ ተሰርቋል» እና «ማሽኑ ተበላሽቷል»። ማሽኑ አልተሰረቀም፤ አልተበላሸምም። እኛ ተበላሽተን እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አላገኘሁም።

ክቡር ሆይ፣ የሳይንስ መምህራችን ጋሽ ጌታሰው፣ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ አንድ ቀን ስለ ዓለም አገሮች ፖሊሲ አስተምረውን ነበር። ሳይንቲስቶች የሚመራመሩት ደስ ያላቸውን ብቻ ሳይሆን መንግሥታቸው ገንዘብና ትኩረት የሰጠውን እንደሆነ፣ አንዱ አገር ስለ ባሕር፣ ሌላው ስለ ዘር፣ ሌላው ስለ ጦር መሣሪያ ብዙ የሚያውቀው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነገሩን። አንዳንድ ቦታ ገበሬው ራሱ ዝናቡን እየለካ ለተመራማሪዎች እንደሚነግርም ሰምተናል። ያን ቀን ብዙም አላሰብሁበትም ነበር። አሁን ግን ሳስበው፣ ፖሊሲ ማለት ማን እንደሚጠየቅና ማን እንደማይጠየቅ የሚወስን ነገር መሰለኝ። የእርስዎ ፖሊሲ ማሽኑን ጠየቀ፤ ማሽኑም የተሰጠውን ውሃ በታማኝነት ተናገረ። በቁልፉ ያመናችኋትን እናቴን ግን «ምን አደረግሽ?» ያላት የለም። እንደ ትምህርቴ ማነስ ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ፤ ቴክኖሎጂ አልጠላም። እንዲያውም ያንን ማሽን ከፍቼ በውስጡ እንዴት እንደሚቆጥር ባየው እመኛለሁ፤ አደራ ስለሆነ ግን አልነካውም።

አንድ ነገር ብቻ እንዲያጣሩልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። እናቴ ከስብሰባው ቀን ወዲህ ጠብታ ውሃ አላፈሰሰችበትም። መረጃው ወደ ቢሮዎ በራሱ ስለሚደርስ፣ ይህን የመሰለ ጥጋብ ያመጣው ዝናብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምን ቀጥ እንዳለ ሊቃውንትዎን ይጠይቁልኝ።

ነገ ሰቆጣ ገበያ ነው። ድረ ገጹ አልቀበል ስላለኝ ጎሕ ሳይቀድ ከእናቴ ጋር መንገድ እንጀምራለን። እዚያው ሰቆጣ ካለው ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ ይህንን ደብዳቤ ድምፄን ከፍ አድርጌ በመጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኽምጣና አነበዋለሁ። ድምፄ ቢጠፋ እንደገና ከ«ክቡር ሆይ» እጀምራለሁ። እርስዎ ወጥተው እናቴን እስኪጠይቋት ድረስም አላቆምም።

ለቴክኖሎጂ መስፋፋት የሚያደርጉትን ድካም በባዶ እንስራ አጠገብ ሆና የምታደንቅ፣
ታዛዥዎ
ጥሩሐረግ ኪዳኑ

ማሳሰቢያ፦ ለማጣራት ባለሙያ የሚልኩ ከሆነ የሚጠጣውን ውሃ ይዞ ቢመጣ መልካም ነው። እንግዳ ውሃ ከልክለን አናውቅም፤ ዘንድሮ ግን ያለንን ለመንግሥት አጠጥተን ጨርሰናል።