ያጠረው ሽቦ

እኔ ወይዘሮ ጸሐዬ ባዳቾ፣ የወላይታ ሶዶ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ከግርጌ ስማቸው በሰፈረ ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። እግሬ ከዳኝ እንጂ አእምሮዬ አልከዳኝም። ያስገደደኝ ሰው የለም፤ ይልቁንም ልጄ ኤልሳዕ «ምን ያስቸኩልሻል» እያለ ሊያዘገየኝ ሞክሯል። የቸኮልሁበት ምክንያት ወደ ታች ይገኛል። ቃሌን የሚጽፈው ሀብታሙ ድሮ ተማሪዬ ስለነበር፣ ፊደል እንዳይስት ዐይኔን ከእጁ ላይ አላነሣም።

አንደኛ። ቀብሬ በቤተ ክርስቲያኔ ሥርዓት ይፈጸም። ስብከቱ አጭር ይሁን። ወንጌላዊ ኢሳይያስ እዚሁ ተቀምጠው ስለሚሰሙኝ ቅር እንዳይላቸው እለምናለሁ።

ሁለተኛ። በገሱባ ከአባቴ የደረሰኝ የእንሰት ማሳ በዴሳ ከተማ እህል ለምትነግደው ለልጄ ለብርሃኔ ይሁን። አባቷ ታሞ በተኛ ጊዜ ትምህርቷን አቋርጣ ያስታመመችው እሷ ናት። ወንድሟ ተምሮ ቢሮ ሲገባ ቤቱ ሁሉ እልል አለ፤ እሷን ግን ማንም ተባረኪ ያላት የለም። እኔ ዛሬ ብያታለሁ፤ ይጻፍልኝ።

ሦስተኛ። ከጎረቤታችን ከአቶ ደገፉ የተዋስነው መሰላል ይመለስላቸው። ኤልሳዕ የላይኛውን እርከን ቆርጦ የጫማ መደርደሪያ ስለሠራበት፣ መደርደሪያውም አብሮ ይሂድ። አቶ ደገፉ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። እኔ ግን እየቀለድሁ አይደለም።

አራተኛ። ስለ ምድጃው። ሰው ሁሉ ስቶቭ የሚለውን የኤሌክትሪክ ምድጃ የገዛው ሟች ባለቤቴ አቶ ቦልቴ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሶዶ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ ታቅፎት መጣ፤ የልብስ ሻንጣው ጣራ ላይ ዝናብ ሲመታው እሱ ምድጃውን ታቅፎ ነበር። ስለዚህ ነገር ያን ምድጃ እወደው ነበር። አሁን እፈራዋለሁ።

ሲያረጅ ሽቦው ይበጠስ ጀመር። ሽቦ የምለው በሸክላው ቦይ ውስጥ ተጠምዝዞ የሚግለውን ነው። ኤልሳዕ በመምሪያ ጥሩ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ አዲስ ምድጃ መግዛት አያቅተውም። ነገር ግን በስልኩ የጥገና ቪዲዮ ማየት ከጀመረ ወዲህ፣ በገዛ እጁ ያልጠገነውን ዕቃ እንደ ሰው ዕቃ ያየዋል። ሽቦው በተበጠሰ ቁጥር የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል፤ የቀረውን በፒንሳ ጎትቶ ያጠላልፈዋል። ሽቦው ያጥራል። ያጠረ ሽቦ ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ የበለጠም ይግላል። ልጄ ውሃው ቶሎ ሲፈላ እያየ «እማ፣ ይህ ዕቃ እኮ ባረጀ ቁጥር ጎበዘ» ይለኛል። ነፍሱ ልትወጣ የተቃረበች በሽተኛ ድንገት ቀና ብሎ ምግብ ሲጠይቅም ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ ደስ ይለዋል።

ከዚያ ፊውዙ እየደጋገመ ይቃጠል ጀመር። ፊውዝ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። እሱ ግን ፊውዙን አውጥቶ በቦታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ አሰረበት፤ ከዚያ ወዲያ መብራት አልጠፋ አለና ተመሰገነ። መሰኪያውም ቀለጠ። የገመዱን ሁለት ጫፍ ልጦ ሶኬቱ ውስጥ በክብሪት እንጨት ወተፈው። ምድጃው ሲበራ በክፍሌ ያለው አምፖል ይደክማል፤ በትራስጌዬ በኩል ያለው ግድግዳ ይሞቃል፤ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል። ስናገር «እርጅና ነው፤ አፍንጫም ያረጃል» ይሉኛል።

ባለፈው ሰኔ፣ ኤልሳዕ ቢሮ ሳለ፣ ሚስቱ ሰብለ ቦሎቄ ጥዳ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ ከምድጃው ኋላ ያለው መጋረጃ ሲነድ በተከፈተው በር አየሁ። ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ከተማ አማርኛ ያስተማርሁ ሴት ነኝ። በዚያች ሰዓት ግን አማርኛዬ ጥሎኝ ሸሸ፤ በእናቴ ቋንቋ «ታማ! ታማ!» እያልሁ ተጣራሁ። በወላይትኛ ይህ እሳት ማለት ነው። ሰብለ ግን ከደብረ ብርሃን የመጣች ናት፤ ወላይትኛዋ ከገበያ አያልፍም። በአማርኛ ደግሞ ታማ ማለት በሌለበት ክፉ ተወራበት ማለት ነው። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች በፊት ለፊቱ በር ገባች፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማን ታማ፣ እማዬ?» አለችኝ። እኔ እጄን ወደ ማድቤቱ እዘረጋለሁ፤ እሷ «ጎረቤቶቹ ናቸው ያሙት?» ትለኛለች። ያስነሣት ጭሱ ነው።

መጋረጃው ነደደ፣ ቤቱ ተረፈ። ኤልሳዕ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ዘመድ በመጣ ቁጥርም እየደገመ ያወራዋል። የተበጠሰውን ሽቦ ግን በማግስቱ ቀጠለው። በዚያ ሳቅ ተቀይሜያለሁ፤ ቂሜን ይዤ መሞት ስለማልፈልግ እዚህ አኖረዋለሁ።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ምድጃውን ለማንም አላወርስም። ይህ ቃል ከመፈረሙ በፊት በምስክሮች ፊት ቀርቦ በመዶሻ ይሰበር።

አምስተኛ። ይህ ቤት ከነግቢው፣ ምድጃው ከተሰበረ ለኤልሳዕ ይሁን፤ ካልተሰበረ ለብርሃኔ ይሁን። እኔ ስሞት ይህ የተኛሁበት ክፍል ለልጁ ለሶልያና እንደሚሰጥ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ሶልያና አራት ዓመቷ ነው። እኔ ግድግዳው ሲሞቅ እፈራለሁ፤ እሷ ግን ብርድ ስትፈራ ሄዳ ትለጠፍበታለች። ሞቴ ጊዜው የደረሰ ነው፤ እንቅልፍ የነሣኝ የእሷ ነገር ነው።

የጸሐፊው ማስታወሻ። ቃሉ እስከዚህ ተነቦላቸው «ልክ ነው» ካሉ በኋላ ኤልሳዕ ተጠርቶ ምድጃውን ሳያንገራግር አመጣ። አቶ ደገፉ በረንዳው ላይ በመዶሻ ሰበሩት። ተናዛዧ ስብርባሪውን በትሪ አስቀርበው በጣታቸው ሲበትኑት የሸክላው ቦይ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የተባለውን ሁሉ እንዳለ እንድጽፍ አዘውኛል።

«ሽቦው የት አለ?»

«እማ፣ ይሰበር ያልሽው ምድጃው ነው። ሽቦው እኮ ገና ደህና ነው፤ ምን በወጣው ይጣላል?»

«የት አለ አልሁህ።»

«ሶልያናን ጉንፋን ይዟት የለ? ክፍሏ ደግሞ በዚህ ዝናብ አይቻልም። ጡብ ላይ ጠምጥሜ ትንሽ ማሞቂያ ሠራሁላት። አወጣጡ እንዴት እንዳማረ ብታዪው...»

«ልጅቷ አሁን የት ናት?»

«ተኝታለች። እንዳይበርዳት አጠገቧ አድርጌላታለሁ።»

ወይዘሮ ሰብለ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ሮጠው ወጡ። ልጅቷን ከነብርድ ልብሷ ታቅፈው ተመለሱና ከአያቷ ጎን አስተኟት። የብርድ ልብሱ አንድ ጠርዝ ጠቁሯል፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ልጅቷ አልነቃችም። ወንጌላዊ ኢሳይያስ መዳፋቸውን አፍንጫዋ ሥር አድርገው ትንሽ ቆዩና «ትተነፍሳለች» አሉ። ሦስተኛዋ ምስክር ወይዘሮ የትምወርቅ አለቀሱ።

ወይዘሮ ሰብለ ባላቸውን ሳይመለከቱ «እማዬ፣ እኔና ልጄ ነገ ጠዋት በዴሳ፣ ብርሃኔ ዘንድ እንሄዳለን» አሉ።

ኤልሳዕ «ለአንድ ብርድ ልብስ ነው ይህ ሁሉ? እኔ እሰፋዋለሁ» አለ።

ተናዛዧ የልጅቷን ፀጉር እየዳሰሱ የሚከተለውን አስጻፉኝ።

ስድስተኛ። ምስክሮች «ቤቱ ለብርሃኔ ይለወጥ» ብለው መክረውኛል። እንቢ ብያለሁ። ምድጃው ይሰበር አልሁ፣ ተሰበረ፤ ቃሌን አላጥፍም። ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ያን ማሞቂያ የሠራው ልጁን ስለሚወድ ነው፤ እኔንም ያስጨነቀኝ ይኸው ነው፣ ክፉ ቢሆን ተቆጥቼ እመልሰው ነበር። እኔንም ከሰብለና ከሶልያና ጋር ነገ በዴሳ አድርሱኝ፤ በመንገድ ብሞት እዚያው ቅበሩኝ። ቤቱን ከነግድግዳው፣ ከነጣራው፣ ኤልሳዕ ይውሰድ። የሚኖርበትን ሰው ግን ላወርሰው አልቻልሁም።

ይህ ቃል በእኔና በምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ከአፌ እንደወጣ መሆኑን አይቼ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ጸሐዬ ባዳቾ፣ ፊርማ

ምስክሮች፦ ደገፉ ጩማ፣ ፊርማ
ወንጌላዊ ኢሳይያስ ኤርካሎ፣ ፊርማ
የትምወርቅ ዘነቡ፣ የጣት አሻራ

ጸሐፊና ምስክር፦ ሀብታሙ ባልቻ፣ ፊርማ

ኤልሳዕ ቦልቴ «ሰምቻለሁ» ብሎ እንዲፈርም ተጠርቶ አልመጣም። ሽቦውን እየጠቀለለ ነበር።