ስለተወረሰው የወንበዴ ሰደርያ

ሲያትል፣ ኖቬምበር 1996

ለተከበሩ የልጄ የመክሊት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፤

ክብርት ሆይ፣ ዝናቡ ጉሮሮዎን፣ የወላጅም አቤቱታ ጆሮዎን ሳይነካው ይህ ደብዳቤ በማኅበራችን ጋዜጣ በኩል በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ በጃክሰን መንገድ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ።

አንደኛ፣ ልጆቹ የባሕር ወንበዴ ለሚሆኑበት ቲያትር የጥንት ሰደርያ እንድናሰናዳ ወረቀት ስለላኩልን አመሰግናለሁ። የዐሥር ዓመቷ መክሊት ስትተረጉምልኝ «ባሕር» የሚለውን ቃል ዘለለችውና «የዚያ ዘመን የወንበዴ ሰደርያ» እንደሚፈለግ ነገረችኝ። የእኛ አገር ሰው «ያ ዘመን» ሲባል የቱ እንደሆነ አይጠይቅም። ታላቅ ወንድሜ አክሊሉ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ወንበዴ ተብሎ ሲረሸን የለበሰው ሰደርያ ቤቴ ነበር። ትምህርት ቤቱ እንደ እሱ ስለተረሸኑት ሊያስተምር መስሎኝ፣ ሞኝ ነኝና፣ ደስ አለኝ። ጎንና ጎኑን ለልጅቷ አጠበብኩት፤ ደረቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ግን አልነካኋትም።

ሁለተኛ፣ በአዳራሽዎ የፊት ወንበር ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የካርቶን መድፍ ተተኮሰ፤ መክሊት ያንን ሰደርያ እንደለበሰች እየሳቀች ወደቀች፤ ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ። አክሊሉ የተገደለ ዕለት እንዳናለቅስ ታዝዘን ነበርና፣ አሁንም የታዘዝኩ መስሎኝ አብሬ አጨበጨብኩ። ከዚያ ወዲህ ዐይኔን በከደንኩ ቁጥር እሷ ትወድቃለች፤ ቀና ስትል ፊቷ የእሱ ነው። መተኛት ፈርቻለሁ።

ቲያትሩን ያዘጋጁት መምህርም ቀዳዳዋ እውነተኛ ትመስላለች ብለው ስላደነቁኝ እግዜር ይስጣቸው።

ሦስተኛ፣ ሰደርያውን ለመጪዎቹ ልጆች ብለው በቲያትር ሣጥን ስለቆለፉበት፣ አንዲት ደግ እናትም ሰኞ ቀዳዳዋን ሰፍታ እንድትደፍን ስላዘዙ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሰው ንብረት ሲወረስ ብዙ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ኩኪስ እየተጋበዘ ሲወረስ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ክብርት ሆይ፣ እንጀራዬ መርፌ ነው፤ ያቺን ቀዳዳ ግን እናቴ አልሰፋቻትም፣ እኔም አልሰፋኋትም። ወንድሜ መቃብር የለውም። ሬሳውን ከልክለው ለእናታችን የሰጧት ያንን ሰደርያ ብቻ ነው። እባክዎ መርፌ ሳይነካው ይመልሱልኝ።

ሰኞ በማለዳ ከቢሮዎ በር ላይ ቆሜ ስለማስቸግርዎ ከወዲሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለደግነትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ይርጉ ብዙነህ

ማሳሰቢያ፦ አማርኛው ካስቸገረዎ ለማስተርጎም አዋቂ ሰው ይፈልጉ እንጂ እንደ ልማድዎ ለልጅቷ እንዳይሰጧት። መክሊት አጎቷ በሕመም እንደሞተ ነው የምታውቀው።